ከእህቴ አልጋ ሥር የነበሩት ድስቶች

እህቴ ስትሞት ከአልጋዋ ሥር ድስቶች ነበሩ። የቤታችን ድስቶች አይደሉም። ሰዎች የሰጧት፣ እሷ ደግሞ ለሌላ ሰው ልትሰጥ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ትልቁ ትንሹን አቅፎ እስከ ግድግዳው ድረስ ተደርድረዋል። ስለ እሷ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ መጀመሪያ የሚመጡብኝ እነሱ ናቸው። ፊቷ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የምንኖረው ጌጃ ሰፈር ነው፤ እናቴ፣ እሷና እኔ። አሁን እናቴና እኔ። አባታችን ከወሎ መጥቶ እዚህ ነው የሞተው፤ እኔ አላስታውሰውም። እህቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ ነበር። በዓል ሲደርስ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ለተቸገሩ ሰዎች ማዕድ ሲያጋሩ አብራ ትሠራለች። ለፋሲካም ለኢድም ያው ነው። ዱቄት፣ ዘይት፣ ማካሮኒ፣ ሽንኩርት ይሰበሰባል። ሰው ስሙ ሲጠራ ይወስዳል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ያልቃል።

አንድ ጊዜ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር ታክሲ መያዣው ላይ ሶፍትና ማስቲካ የምትሸጥ ሴት ድርሻዋን ተቀብላ ሳትሄድ ቆመች። እህቴ ጠጋ አለቻት።

«ምነው እናቴ፣ ጎደለብሽ?»

«ኧረ አልጎደለም፤ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲያው ማካሮኒውን በዳቦ የሚለውጠኝ ባገኝ ብዬ ነው።»

«ለምን? ልጆችሽ ማካሮኒ አይወዱም?»

«ይወዳሉ። በምን ልቀቅለው?»

ሴትዮዋ የምታበስለው በዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። እህቴ ያን ቀን እቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የነገረችን።

«ሁሉም ዱቄት ይሰጣል። ሁሉም ዘይት ይሰጣል። ድስት አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም» አለች።

እናቴ «ድስት የሌለው ሰው አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። እኛም ድሆች ነን፤ ግን ድስት የሌለው ሰው ይኖራል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

እንደዚያ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ እየፈረሰ ነበር። ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲነሣ አሮጌ ዕቃውን ለቆራሌው ይሸጣል፤ ወይም ጥሎ ይሄዳል። እህቴ ቆራሌውን እየቀደመች በየቤቱ ትገባለች። እሱም ሲያያት ጆንያውን መሬት ላይ ይጥላል።

«አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬን ዘጋሽው እኮ!»

«አንተ ብረቱን ውሰድ፤ ወጥ የሚሠራበትን ለኔ ተውልኝ።»

«እሱም ብረት ነው!»

«ሲበሳ እጠራሃለሁ» ትለዋለች። አንዳንዴም እውነትም ትጠራው ነበር።

እኔ የድስት ሚኒስትር ነበር የምላት። «እሺ ሹፌሬ፣ ና ተሸከም» ትላለች። እሸከም ነበር። ሁለታችን በሰፈሩ መሀል ስናልፍ ልጆች እየተከተሉ ድስቶቹን በእንጨት ይመቱብናል፤ እሷም አብራቸው ትዘፍናለች። እኔ አፍር ነበር።

ከዚያ ታመመች። ኩላሊቷ ነው። ስለ ሕመሟ ብዙ አልጽፍም። ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ እጄ እምቢ ይላል። ረጅም ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ድንገት አለቀ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልናገረው አልቻልኩም።

ለቅሶው ሲበተን እናቴ ጠራችኝ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በግ አላርድም» አለች። «ሰደቃዋ ከአልጋው ሥር ያለው ነው። እጇ ላይ የቀረ አደራ ነው። ለሰው ሳይደርስ እንዳይቀር። እሷ እንደምትሰጠው አድርገህ ስጥልኝ።»

እሷ እንደምትሰጠው። ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኳት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤት አልመጣልኝምና የምሠራው ጠመንጃ ያዥ ብረታ ብረት ቤት ነው፤ በርና መስኮት እንበይዳለን። እሑድ ቀን አለቃዬን አስፈቅጄ ድስቶቹን በማዳበሪያ ይዤ ሄድኩ። እንደ አዲስ እንዲያብረቀርቁ ፈልጌ ነበር። የእህቴ ሰደቃ ጥላሸት ይዞ ሰው ቤት እንዲገባ አልፈለግሁም። በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ውስጡንም ውጭውንም ፈተግኩት። በየድስቱ እጀታ ሥር የጥፍር ቀለም ጠብታ ነበረች፤ አንዳንዱ ላይ ቀይ፣ አንዳንዱ ላይ ነጭ። ጥፍሯን የምትቀባው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበርና የተንጠባጠበ መሰለኝ። ቀለም እንዴት እጀታ ሥር ይንጠባጠባል ብዬ አላሰብኩም። ሳየው ትንሽ ቆምኩ፤ ቀለሙ የሷ ነዋ። ከዚያ እሱንም ፍቄ አነሣሁት።

መጀመሪያ የወሰድኩት ለዚያችው ሶፍት ለምትሸጠው ሴት ነው። እህቴ ያኔ የሰጠቻት ትንሽ ድስት ተበስቶባት ነበር፤ ትልቅ እሰጥሻለሁ ብላትም ነበር። ሴትዮዋ መሞቷን ሰምታለች። ስታየኝ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ነፍሷን ይማር» አለችኝ። ከዚያ ድስቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

«ውይ፣ እንዴት ታምራለች! አዲስ ናት እንዴ?»

«አሮጌ ናት። እኔ ነኝ ያጸዳኋት።»

ጣቷን እጀታው ሥር ሰደደች። ከዚያ ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው።

«ነጥቧስ?»

«የቷ ነጥብ?»

«እህትህ የምታደርጋት ናታ። ቀይ ከሆነ ከክርስቲያን ቤት የመጣ ነው፤ ነጭ ከሆነ ከሙስሊም ቤት። አልነገረችህም?»

አልነገረችኝም። ወይም ነግራኝ አልሰማኋት ይሆናል። እኛ ሰፈር አብረን እንኖራለን፣ አብረን እናለቅሳለን፤ ሥጋ ላይ ግን እንለያያለን። ሥጋ የተሠራበት ድስትም እንደዚያው ነው። አንዳንዱ ሰው ከታጠበ ምን አለበት ይላል፤ አንዳንዱ አይልም። እህቴ ይህን ሁሉ ሰው ሳታስጨንቅ ለየችው። እኔ በአንድ እሑድ ቀላቀልኩት።

«የማን ቤት ድስት ነው ታዲያ?» አለችኝ።

ከክርስቲያን ቤት ነው ብላት ታምነኝ ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

በሁለት እጇ መለሰችልኝ። «አትቀየመኝ ወንድሜ። እሷ ብትሰጠኝ ዓይኔን ጨፍኜ እወስድ ነበር። ቃሏን አውቀዋለሁ።»

እቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የተቆጣችው ጎረቤታችን ናት። ግድግዳ የምንጋራት ክርስቲያን ሴት ናት፤ እህቴንም እኔንም ከእናቴ እኩል አሳድጋናለች። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ ግን አንቱ ስላት «አታስረጀኝ» ስለምትል አንቺ ነው የምላት። ድስቶቹን አንድ በአንድ እያነሣች አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች።

«እትዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ነው የፈተግኩት። ምንም አይሸትም።»

«አንተ ልጅ፣ ድስት ነው ያጠብከው ወይስ ኃጢአት?»

የእናቴ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መልሳ ገጠመችው።

ጎረቤታችን የመጨረሻውን ድስት ጭኗ ላይ እንዳደረገች አሰበች። «ማዕዘኑ ላይ የነበሩት እማማ» አለች። «ሰው ሲነሣ በየቤቱ እየዞሩ ለልጅቷ ድስት አዋጡ ሲሉ አልነበር? አብዛኛውን ሰብስበው የሰጧት እሳቸው ናቸው። ቢያዩት ያውቁታል።»

እማማ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከተነሡ ቆይተዋል። ቁጥራቸው ያለው እህቴ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስልኩን ቻርጅ አደረግሁት። ሲበራ ፊት ለፊት የሷ ፎቶ አለ፤ ቶሎ አልፌ ቁጥሩን ፈለግሁ። አገኘሁትና እዚያው ላይ ተጫንኩት። በራሴ ስልክ መደወል አልመጣልኝም።

ወዲያው አነሡት።

«ውይ የኔ እናት! ምነው ጠፋሽ? ምነው ጨከንሽብኝ?»

አልሰሙም ነበር። ድሮ ቢሆን የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አሁን ሰፈሩ ራሱ ተበትኗል፤ አንዱ በዚያ ጫፍ፣ ሌላው በዚህ ጫፍ ነው።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ትንሹ።»

«እንዴ! አንተ ነህ? እሷስ? ምን ሆነች?»

ጎረቤታችን ፊት ለፊቴ ቆማ በሁለት እጇ «ተው፣ ተው» ትለኛለች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን እኔም አውቃለሁ። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በር ላይ ተሁኖ ነው የሚነገረው፤ የሰማው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እንዲኖር።

«ትንሽ አሟት ነው» አልኩ።

«ምኗን? ውይ ልጄን! በል ንገራት፣ ዛሬውኑ ለልደታ እሳልላታለሁ። ጧፍ አበራላታለሁ። ትድኛለሽ ብለውሻል በላት። እሺ? እሺ በለኝ እንጂ!»

«እሺ እማማ።»

ስልኩን ዘጋሁት። እናቴ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላለች።

«እንግዲህ ለሞተች ልጅ ጤና ሲለምኑ ሊያመሹ ነው» አለች ጎረቤታችን። «ነገ በጠዋት እንሄዳለን። ድስቶቹንም ያዝ፤ እኔ ሁለት ጊዜ አልመላለስም።»

በማግስቱ በጠዋት ታክሲ ያዝን። ማዳበሪያውን ጉልበቴ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ታክሲው በነጠረ ቁጥር ድስቶቹ ይንኳኳሉ። ረዳቱ ዞሮ አየኝ።

«ጀለስ፣ ሰርግ ነው እንዴ? ዶሮዋ የታለች?»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ጎረቤታችን «አንተ መልሴን ስጠኝና ወደ በርህ ዙር» አለችው። ያኔ ነጠላዋን አየው፤ ያጣፋችው እንደ ለቅሶ ነበር። «ይቅርታ እናት» አለ። እስክንወርድ ድረስ አልቀለደም፤ ለማዳበሪያውም አላስከፈለኝም።

ጎረቤታችን ለሁለት የድሮ የሰፈራችን ሴቶች ቀድማ ደውላ ኖሮ ደረጃው ሥር ጠበቁን። አብረን ወጣን። በሩን የከፈቱት እማማ ራሳቸው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ለብሰው ነበር። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሴቶቹን አዩ፤ ነጠላቸውን አዩ፤ በመጨረሻ እኔን አዩኝ።

«አሟታል አላልከኝም?»

ጎረቤታችን «እማማ፣ እንግዲህ እግዜር…» ብላ ጀመረች፤ አላስጨረሷትም። ሊወድቁ ሲሉ ሴቶቹ ያዟቸው።

«ትናንት እኮ ስለት ተሳልኩላት» ይላሉ። «ለማን ነው የተሳልኩት? እናንተ፣ ለማን ነው የተሳልኩት?» ይህንኑ ይደጋግሙታል። ጎረቤቶች በር እየከፈቱ ወጡ።

እኔ እስከዚያ ቀን ለእህቴ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ለቅሶው ላይ ወንበር ሳመላልስ፣ ውሃ ሳቀርብ፣ ድንኳን ሳስር ነበር። ወንድ ልጅ ሥራ አያጣም። እዚያ ደረጃ ላይ ግን ከማዳበሪያው በቀር የምይዘው ነገር አልነበረም። ማዳበሪያውን አቅፌ አለቀስኩ። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ትከሻዬን ይዞኝ ቆየ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል እማማ ትንሽ ተረጋጉ። ማዳበሪያው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው። ነገርኳቸው። ድስቶቹን ወለሉ ላይ ደረደርኩላቸው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አንዱን ሳቡ።

«ይቺ የኔ ናት። ይሄ የተሰረጎደው ቦታ ይታይሃል? ባሌ ላይ ወርውሬያት ነው።»

«መቱት?» አለች ጎረቤታችን።

«ሳትኩት። ግድግዳውን ነው ያገኘሁት። ድስቴ ተጎዳች፤ እሱ ሳቀ።» እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተመልሶ ለቅሶ ሆነባቸው። «የፋሲካ ዶሮ እሠራባት ነበር። የክርስቲያን ድስት ናት፤ ባለቤቷ መሰከረች በላቸው።»

ሌሎቹንም አንዱን በእጀታው፣ አንዱን በተበየደበት ቦታ እያዩ አወቋቸው። ይሄ የልብስ ሰፊው ሚስት ነው፤ ያ የሥጋ ቤቱ ጎረቤት ነው፤ ይሄኛው የሐጂ ቤት ነው፣ ለመውሊድ ሩዝ በሥጋ ሲሠሩበት አይቻለሁ። እኔ እየሰማሁ እጀታው ሥር ምልክት በሚስማር ጫርኩበት። ሁለቱን ግን ቢያገላብጧቸው፣ ቢያገላብጧቸው አላወቋቸውም።

«የማን ናቸው ልበልህ? አውቃለሁ ብዬ በሷ ላይ ልዋሽ?» አሉኝ።

ሶፍት ለምትሸጠው ሴት የተሰረጎደችዋን ወሰድኩላት። የማን ቤት እንደሆነች፣ ምን ይሠራባት እንደነበር፣ ባልየው ላይ መወርወሯንም ነገርኳት። «ምናለ እኔም የምወረውርበት ባል በኖረኝ» አለችና ድስቷን አቀፈቻት። ሌሎቹም በየሰዉ ቤት ገቡ። በየበሩ ያውቁኝ ነበር፤ የልጅቷ ወንድም እያሉ። አንዳንዱ ድስቱን ከመቀበሉ በፊት አልቅሶ ነበር።

ሁለቱ ግን ቀሩ። የሚጠብቁን ሰዎችም ሁለት ነበሩ። አንዱ ሰንጋ ተራ ግንባታ ላይ ዘበኛ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሌላዋ ከወሎ በቅርብ የመጣች ሙስሊም ሴት ናት፤ ከእኛ ጀርባ ባለው ግቢ ተከራይታ በቀለም ቆርቆሮ ታበስላለች። ለሁለቱም ድስት እንሰጣለን ብለን መልእክት ልከንላቸዋል።

ጎረቤታችን «እንግዲህ አላውቅም ብሎ ይስጣቸው፤ ውሃም ቢሆን ያሞቁበታል» አለች።

እናቴ ቀና አለች። «የማይታወቀው ለችግረኛ ነው እንዴ የሚሰጠው?»

ተነሥታ ወደ ማድቤቱ ገባች። የራሳችንን አንድ ድስት ይዛ ወጣችና ፊቴ አስቀመጠችው።

«ይሄን ለወሎዋ ልጅ እንስጣት። ይሄን እኔ አውቀዋለሁ። በማይታወቀው እኛ እንብላ። አጥቤ፣ አፍልቼ፣ ቢስሚላህ እላለሁ፤ የቀረውን አላህ ያውቃል።»

ጎረቤታችን አየቻት። «በይ ሌላኛውን ለኔ ስጪኝ» አለች። «ለሽማግሌው የጾሜን ድስት እሰጣለሁ። ሥጋ አይቶ አያውቅም።»

«አንቺስ በምን ትጾሚያለሽ?»

«በእግዜር።»

እናቴ ሳቀች። እህቴ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ፊቴ ያለው ድስት ላይ ነበር።

«እማ፣ እሱን አይደለም። ሌላ ድስት አለን።»

«እሱን ነው» አለች።

የወሎዋ ልጅ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሕፃን አዝላ ነበር፤ ከእህቴ ብዙም አትበልጥም። ድስቱን ስትቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች። ከዚያ አፍራ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ምን ይሠራበት ነበር?» አለች። ሰው እንድትጠይቅ መክሯት መሆን አለበት።

«ሾርባ» አለች እናቴ። «ልጄ ስትታመም ሾርባ እሠራላት ነበር። መጀመሪያ ግማሹን ትጠጣ ነበር። ኋላ ላይ ትቀምሰው ነበር። ከዚያ ደግሞ እንዳይከፋኝ ብላ ታሸተው ነበር።»

ልጅቷ ድስቱን ደረቷ ላይ አደረገችው። «አላህ ይዘንላት» አለች። ሕፃኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ወጣች።

እናቴ ወደ ምንጣፏ ልትመለስ ስትል የድስቱ ክዳን መደርደሪያው ላይ ቀርቶ አየችው። እኔ ላድርስላት ብዬ ተነሣሁ፤ አልሰማችኝም። እህቴ ከሞተች ጀምሮ ከግቢ በር ወጥታ አታውቅም ነበር። በቤት ነጠላ ጫማ፣ ክዳኑን ይዛ፣ በሩን አልፋ ሮጠች።

«ክዳኑ! አንቺ ልጅ፣ ክዳኑ ቀረሽ!»

በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ልጅቷ ቆማ ጠበቀቻት። እናቴ ደረሰችባትና ክዳኑን ድስቱ ላይ ገጠመችው። እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። ልጅቷም አልቸኮለችም፤ በጠባቡ መንገድ ላይ ሰው በጎናቸው እያለፈ፣ እናቴ እጇን እስክታነሣ ድረስ ድስቱን ይዛ ቆመችላት።